ሙሽራዋ ስትደርስ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ጭስ ላይ ከተቀመጠች ሴት አፍ ነበር። ሐቦባ፣ የአባቴ እናት፣ ጉልበቷን ይቆረጥማት ስለነበር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከግቢያችን ጥግ ባለችው ጉድጓድ ላይ ትቀመጥ ነበር። ጉድጓዷ ከአንድ ክንድ ብዙም አትጠልቅም፤ ከታች ፍም ይደረግባታል፣ ከፍሙ ላይ ጠልህ የሚሉት የግራር ዘር እንጨት ይጋደማል፣ በአፏ ዙሪያ መሀሉ የተቀደደ ሰሌን ይነጠፋል። ሐቦባ ልብሷን አውልቃ ሰሌኑ ላይ ትሰየምና ከአንገቷ በታች በወፍራም የፍየል ጠጉር ምንጣፍ ትጠቀለላለች። ከዚያ በኋላ የሚታየው ፊቷና ከምንጣፉ ጠርዝ ሾልኮ የሚወጣው ጭስ ብቻ ነው። ያኔ አያቶች ሁሉ እንዲህ ከመሬት የሚበቅሉ ይመስለኝ ነበር።

ዱኻን ይሉታል። ባል ያላት ሴት ለባሏ ትታጠነዋለች፣ ሙሽራ ከሰርጓ በፊት ለሳምንታት ትታጠነዋለች፣ አሮጊት ደግሞ ለቁርጥማቷ ትታጠነዋለች። ያላገባች ልጅ ግን ወደ ጉድጓዱ የምትጠጋው እንጨት ለማቀበል ብቻ ነው፤ ሽታው ከቆዳዋ ላይ ከተገኘ ጎረቤቱ ሁሉ «ሰርጉ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ስለዚህ እኔና እህቴ ሐናን ከነፋሱ በተቃራኒ ወገን ቁጭ ብለን ነበር ተረት የምንሰማው። ነፋሱ ሲዞር እኛም ሰሌናችንን እየጎተትን እንዞር ነበር።

ቤታችን ካርቱም ውስጥ ጀሪፍ ሰፈር ነበር፤ ዘመኑ ደቡቡ ተገንጥሎ ዳቦና ነዳጅ የተወደደበት ነው። በአንድ የጭቃ አጥር ውስጥ ሐቦባ፣ አጎቴ ከነቤተሰቡ፣ እኛም አባቴ፣ እናቴ፣ ሐናንና እኔ እንኖር ነበር። አባቴ ረክሻ የሚባሉትን ባለሦስት እግር ታክሲዎች ይጠግናል። ደግ ሰው ነው፤ እጁ ሁልጊዜ ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ታላቅ ወንድሙ ሲናገር ግን የእሱ ድምፅ ወዴት እንደሚገባ እንጃ፣ ይጠፋል። እናቴ ከጎንደር ገጠር የመጣች ዘነበች ናት፤ ጀሪፍ ግን ዘይነብ ብሎ ሰየማት፣ እሷም ለሁለቱም ስም «አቤት» ትላለች። ጠዋት ሪያድ ሰፈር ካሉት ቪላዎች አንዱ ውስጥ የሰው ቤት ታጸዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሳ የራሷን፣ ከዚያ የሐቦባን፣ እንግዳ ከመጣም የአጎቴን ሳሎን ታጸዳለች። ደክሞኛል ስትል ሰምቻት አላውቅም። ደስ ብሎኛል ስትልም አልሰማሁም።

የቪላው እመቤት አንድ ቀን፣ ያለፈ ዓመት ቀን የታተመበት ባዶ ማስታወሻ ደብተር ልትጥል ስትል እናቴ ለምናት ለእኔ አመጣችልኝ። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷው ነበረችና በአማርኛ እንድጽፍበት ነገረችኝ። አማርኛዬ ያኔ አንካሳ ነበር፤ ትምህርት ቤትም ሰፈርም የማወራው ዐረብኛ ነው፣ ከእናቴ ጋር እንኳ ግማሹን በዚህ ግማሹን በዚያ እንነጋገር ነበር። አሁን ያንን ደብተር ሳነበው የሚገርመኝ ስህተቱ አይደለም፤ ምንም ነገር ደንቆኝ አለማወቁ ነው። «ዛሬ አባባ ሥጋ አመጣ። ወንዶች መጀመሪያ በላ። እኛ መረቅ በላን። አክስቴ አለቀሰች፣ ከዚያ ሻይ አፈላች። ሐቦባ ተረት ነገረች። ልጅቱ አመለጠ።» ገጹ ሁሉ እንዲህ ነው። የአየር ጠባይ እንደሚዘግብ ሰው ማን እንደበላ፣ ማን እንደቆመ፣ ማን እንደተቆጣና ማን ዝም እንዳለ እየጻፍኩ ቀኑን እዘጋ ነበር። እናቴ አንዳንድ ጊዜ ታነበዋለች። ስለ ሥጋው ምንም አላለችም፤ «በላ» ያልኩትን «በሉ» ብላ አርማ መለሰችልኝ።

ሐቦባ ተረት ስትጀምር ቶሎ አትጀምርም። መጀመሪያ ጉልበቷን ትረግማለች፣ ቀጥላ የሞተ ባሏን ትመርቃለች፣ ከዚያ «ላውራችሁ ወይስ ልተዋችሁ?» ትለናለች። ልተዋችሁ የምትለው ለደንቡ ነው፤ ብንተዋት ራሷ ታኮርፋለች። መብራት በሚጠፋባቸው ማታዎች፣ እነሱም ብዙ ነበሩ፣ እናቴ ፋኖሱን ለኩሳ አጥሩ ላይ ትሰቅለዋለች፤ በዚያ ብርሃን የሐቦባ ፊት በላብ ያብረቀርቃል፣ ከሥሯ ፍሙ ቀስ እያለ ይንጣጣል፣ የጠልሁ ሽታ፣ ጣፈጥና መረር የሚል ሽታ፣ እስከ መንገድ ይወጣል። ተረት የምንሰማው ልጆች ሁሉ ሴቶች ነን። ወንዶቹ ልጆች ውጭ ኳስ ይጫወታሉ፤ ተረት የሴት ነገር ነው ተብለዋል።

በተረቶቿ ውስጥ ያሉት ልጃገረዶች እኔ ከማውቃቸው ሴቶች ሁሉ ይለያሉ። ማንም አይመክራቸውም፣ ማንንም አያስፈቅዱም፣ ግን መውጫ አያጡም። ከሁሉ አብልጬ የምወደው የጭራቁን ሰርግ ነበር። አንድ ጭራቅ ሰው መስሎ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ቴምር በግመል ጭኖ ሙሽራ ሊጠይቅ ይመጣል። አባት ቴምሩን ያይና ልጁን ይሰጣል። ይሁንና የዚያ አገር ደንብ ነውና ሙሽራ ከቤት የምትወጣው የሰርጉ ድስት በእናቷ ምድጃ ከበሰለ በኋላ ነው፤ እሳት ካልነደደ ሰርግ የለም። ታዲያ የሙሽራዋ ታናሽ እህት በየማታው እንጨቱን ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች። ሴቶቹ ቢያቀጣጥሉት አይነድም። ጭራቁ ራሱ ተንበርክኮ እፍ ቢል አይነድም። እፍ ሲል፣ እፍ ሲል ሆዱ ይነፋል፣ ሽቶው ይበናል፣ ጠጉሩ ከልብሱ ይወጣል፣ ጥርሱ ከከንፈሩ ያልፋል፤ ይህን ጊዜ ሰዉ ማንነቱን አይቶ በዱላ ያባርረዋል። እህትማማቾቹ ቴምሩን ቁጭ ብለው ይበሉታል። ሐቦባ እፍ የምትለው ቦታ ላይ ስትደርስ ጉንጯን ነፍታ በእውነት እፍ ትላለች፤ ያኔ እኛ በሳቅ እንወድቃለን። ስትጨርስም «ሴት ልጅ ብልህ ከሆነች እሳትም ታፍናለች» ትለን ነበር።

ሐናን ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። ሸሃዳ የሚሉት የማጠቃለያ ፈተና ደርሶ ነበርና ሌላ ነገር አይታያትም። ፋርማሲ መማር ነበር የምትፈልገው። የመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በከሰል የኬሚስትሪ ቀመር ጽፋ እየተጋደመች ታጠናለች፤ እናቴ በሳምንት አንዴ ግድግዳውን ስታጥብ የተጠናውን ታጠፋለች፣ ያልተጠናውን ትተዋለች። ተረት ልትሰማ ስትወጣም መጽሐፏን በብብቷ ይዛ ነው።

በዚያው ሰሞን የአጎቴ ልጅ ያሲር ከሚሠራበት ከሳዑዲ ለዕረፍት መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ለሐቦባ የጉልበት ቅባት፣ ለአባቴ ሰዓት፣ ለእኔ የእጅ ባትሪ አመጣ። ለሐናን ስልክ አመጣላትና በአባቴ እጅ ሰጣት። ስልኩ በአባቴ እጅ መሰጠቱን ሁሉም አየ፤ ትርጉሙንም ከእኔ በቀር ሁሉም አወቀ። በማግሥቱ ወንዶቹ ሳሎን ተቀመጡ፣ እናቴ ሻይ አስገባች፣ ባዶውን ብርጭቆ ይዛ ስትወጣ ነገሩ አልቆ ነበር።

ሐናንን ሳሎን ጠሯት። እኔ ከበሩ ሥር ነበርኩ።

«ያ ሐናን፣» አለ አባቴ ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ ሳያነሣ፣ «ያሲር የአጎትሽ ልጅ ነው፣ ባዳ አይደለም። ኢንሻአላህ ለመልካም ነው።»

«አባ፣ ሸሃዳውን ብቻ ልፈተን፣» አለች። «ከዚያ እናንተ ያላችሁት ይሁን።»

አባቴ ወንድሙን አየ። አጎቴ የሻዩን ስኳር አማሰለ። «የያሲር ዕረፍት እስካላለቀ ድረስ ቀኑ የእኛ ጉዳይ አይደለም፣ የሴቶች ነው፣» አለ። «ሙሽራዋ ስትደርስ እናቴ ትንገረን። ኸላስ፣ አለቀ።»

ሙሽራ ደረሰች የሚባለው ቆዳዋ ጭሱን ሲቀበል ነው። በየቀኑ ከታጠነች በኋላ በቅባት እየታሸች የላይኛው ቆዳዋ ይላጣል፣ ከሥሩ ወርቅማ ቡናማ ቀለም ያለው ለስላሳ ገላ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሴቶቹ እልል ብለው ለወንዶቹ ይልኩባቸዋል። አንዷ ቶሎ ትደርሳለች፣ አንዷ ትዘገያለች። ሐናን የምትዘገይ ከሆነ ሰርጉ ከፈተናው በኋላ ይውላል፣ ከፈጠነች ግን ፈተናው በሙሽርነቷ ላይ ይወድቃል። ከሰርጓ በኋላ እጇን ሒና ተቀብታ ፈተና ልትቀመጥ የሄደች ሙሽራ ደግሞ በጀሪፍ ታይታ አትታወቅም። ስለዚህ የእህቴ ነገር እቆዳዋ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ማንም ግን ጮክ ብሎ አይናገረውም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐናን ፀሐይ እንዳይነካት ክፍል ውስጥ ተዘጋባት። ከትምህርት ቤት ቀረች። ሲመሽ ጉድጓዱ በጨርቅ ይጋረዳል፣ እሷም ትቀመጥበታለች፣ ሐቦባ አጠገቧ ባለው የገመድ አልጋ ላይ ትጋደምና ተረቷን ትጀምራለች። ተረቱ አሁን ለእኛ አልነበረም። ሐናን ሙቀቱ መሯት ቶሎ እንዳትነሣ ማቆያ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፤ ልጅቱ ከጭራቅ ስታመልጥ፣ ልጅቱ ከጉድጓድ ስትወጣ፣ ልጅቱ ወንዝ ስትሻገር፣ እህቴ ጭሱ ላይ ቁጭ ብላ እየሰማች ያልባት ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ግን አልተሳካም። የዚያን ጊዜ የተገዛው ጠልህ እጅግ የደረቀ ነበርና ፍሙ ላይ ትንሽ እንደቆየ ነበልባል ይይዛል። ነበልባል ሲነሣ ሐናን «እማ!» ብላ ትዘላለች፣ እሳቱ እስኪበርድ ትቆማለች፣ እስኪበርድ ድረስም ላቧ ይደርቃል። ሴቶቹ ክንዷን በጣታቸው እያሹ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። አንድ ማታ የአጎቴ ሚስት «እንዲህ ከሆነማ ከፈተናው በፊት የምትደርስ አይመስለኝም» ስትል ሐናን ፊቷን ወደ መሬት አቀረቀረች። እየሳቀች እንደነበር ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ።

እኔ ግን ያኔ ልጅ ነኝና ነገሩ በራሱ ለሐናን እየቀናላት መሆኑ አልገባኝም። የአጎቴ ሚስት ያለችውን ሰምቼዋለሁ፤ ልቤ ግን የሚያምነው ሐቦባን ነበር። ማብቃት ካለበት በተረቱ መንገድ ነው የሚያበቃው። ለማንኛውም ብዬ ሐቦባን በቀን፣ ብቻዋን ሳገኛት ጠየቅኋት።

«ሐቦባ፣ ሐናን ሰርጉን ባትፈልግስ?»

«ማን ፈልጎ ያውቃል፣ ያ ቢቲ፣ ልጄ?» አለችኝ ፀጉሬን እየጎነጎነች። «እኔ አያትሽን ያየሁት በሰባተኛው ቀን ነው። አየሁት፣ ለመድኩት፣ ሞተ፣ አለቀስኩለት።»

«ተረቱ ውስጥ ግን ያመልጣሉ።»

«ተረት ነዋ!» ብላ ሳቀችብኝ፤ ጉንጉኑን ጠበቅ አድርጋ ሳበችው። ያመኛል ብዬ ነበር፣ አላመመኝም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጠልሁን ከማድቤቱ ወደ ጉድጓዱ የማመላልሰው እኔ ስለሆንኩ፣ የማታውን እንጨት በሙሉ ከዚሩ፣ ከትልቁ የሸክላ የውሃ ጋን፣ እየቀዳሁ በባሊ ነከርኩት። ውሃው ውስጥ ሲሰምጥ ትንንሽ አረፋ ሰደደ። እስኪመሽ ተወት አድርጌው ቆይቼ አወጣሁት። የተሰጠኝን ሥራ እንደምሠራ ሆኜ ነው የሠራሁት፤ አሁን ሳስበው የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ፍሙን የምታዘጋጀው እናቴ ነበረች። እንጨቱን ስታነሣ እጇ ረጠበ። እንጨቱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ፍሙ ላይ አጋደመችው።

ነበልባል አልተነሣም። ያልጠበቅሁት ግን ጭሱን ነበር። ወፍራም፣ ነጭ፣ ከባድ ጭስ ከጉድጓዱ ተነሥቶ በሐናን አንገት ዙሪያ ወጣ፣ ግቢውን ሞላ፣ ፋኖሱን ጋረደው። ሐቦባ ከአልጋዋ ላይ ተነሥታ ተቀመጠች። «ማሻአላህ!» አለች። «ማሻአላህ፣ ጭስ ማለት ይኼ ነው!» ሐናን የምትዘልበት ነበልባል የለም፣ የምትቆምበት ሰበብ የለም። ሐቦባ የጭራቁን ሰርግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራችላት፣ ቀጥላም ሌላ፣ ቀጥላም ሌላ አወራች፤ እህቴ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ሲያወጧት ሁለት ሴቶች ደገፏት። ክንዷን ሲያሹት ቆዳዋ ከጣታቸው ጋር መጣ።

«ማነው እንጨቱን ያራሰው?» አለች ሐቦባ። እናቴ ፍሙን ቆሰቆሰች። የአጎቴ ሚስት እርጥቡን ቀሚሴን አየችና ወደ እኔ ጠቆመች። ሐቦባ ወደ ደረቷ ስባ ጉንጬን ሳመችኝ። «ይህቺማ እጅ አላት!» አለች ለሴቶቹ። «እኔ አርጅቼ የረሳሁትን እሷ አወቀችው። ቀጥሎ የእሷ ሰርግ ነው!» ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ጠልሁ ተነክሮ እንዲመጣ ታዘዘ፣ ንከሪ የተባልኩትም እኔ ነኝ፣ በየቀኑም ነከርኩ። ሴቶቹ ብዙም ሳይቆዩ እልል አሉና ለወንዶቹ ላኩባቸው። ሰርጉ ከፈተናው በፊት ባለው ሐሙስ ሆነ።

እንጨቱን መጀመሪያ የነከርኩበት ቀን ማታ ሐናን ግድግዳው ሥር ተጋድማ፣ በቅባት ተለውሳ፣ ወደ እኔ ዞረች። «ውሃ ያደረግሽበት ለእኔ ብለሽ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «እሺ» ብላ ፊቷን መለሰች። እኔም ደብተሬን አውጥቼ «ዛሬ ጭሱ ጥሩ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ስህተት የለበትም።

በማግሥቱ እናቴ ማድቤት ውስጥ ሣህን ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ ማድረቅ ጀመርኩ። እንዲህ የምንሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ሁልጊዜ ሰው አለ።

«እማ፣ እርጥብ መሆኑን አይተሻል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጣልሽውም?»

«ብጥለው ሌላ ያመጣሉ፣» አለች። ሣህኑን አገላብጣ አየችው። «ለምን እንደነከርሽው ገብቶኛል። እኔም አንድ ጊዜ በአንቺ ዕድሜ ሙሽራ ነበርኩ።»

አባቴን የምትል መስሎኝ ነበር። አባቴን አልነበረም። ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ ሣህኑን አንድ ባንድ እያለቀለቀች ነገረችኝ። ጠላው ተጠምቆ ነበር፣ በሬው ታርዶ ነበር፣ ሙሽራው ከሷ አባት በዕድሜ ብዙም አያንስም። ሴቶቹ ሲዘፍኑ እሷ በጓሮ ወጣች። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች የጫነ መኪና መንገድ ላይ አገኘች፤ «አባቴ ታሞ ነው» አለቻቸው፣ ጫኗት። መተማ ጠላ ቤት አገለገለች። ከዚያ ድንበሩን ተሻገረች፣ ገላባት ገባች፣ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ካርቱም። ከዚያ ወዲህ እናቷን አላየቻትም።

ሣህን ይዤ ቆምኩ። ያን ጊዜ፣ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ አንዴ ብቻ፣ የሆነ ነገር ተሰማኝ። ደስ አለኝ። ሐቦባ በተረት ስታወራልን የኖረችው ልጅ ማድቤታችን ውስጥ ቆማ ሣህን እያጠበች ነበርና።

«አመለጥሽ!» አልኳት።

«አመለጥኩ።»

«ከዚያስ?»

ውሃውን ደፋች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ከዚያማ እናንተ መጣችሁ፣» አለች፤ የቀረውን ሣህን ከእጄ ወስዳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

ሐቦባ ሞታለች፤ ነፍሷን ይማር። የተረቶቿን ልጃገረዶች ከአንድ ቦታ ወዲያ እንደማትከተላቸው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ልጅቱ ወንዙን ትሻገራለች፣ ተረቱ ያልቃል፣ እኛ እንተኛለን። ከወንዙ ማዶ ማን ቤት እንዳደረች፣ ማን ምን ብሎ እንደጠራት፣ ሴት ልጅ ብትወልድ ምን እንዳደረገቻት የሚያወራ የለም። እናቴ ታውቀዋለች። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚለውን አባባል ትልቅ ሰው ሆኜ ስሰማ ፊቷ ነው የመጣብኝ። ሐናንን ይዛ የት ትሂድ? ሸሽቶ መድረሻው ካርቱም ነበር፣ ካርቱም ደግሞ ደርሳለች።

ፈተናው ሰርጉ ባለፈ በእሑዱ ተጀመረ። ሐናን ያን ቀን የያሲር አክስት ቤት ምሳ ተጠርታ ነበር። ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት፣ ሳዑዲ ትኖራለች፣ ያሲር አይመታትም፣ አያስርባትም። ሰው ሁሉ ዕድለኛ ይላታል፣ እሷም «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። በስልክ ስንገናኝ ስለ ልጆቹ ጥርስና ስለ ሙቀቱ እናወራለን። እኔ አላገባሁም፤ ከሌላ ከተማ፣ ከሌላ ቤት ነው የምደውልላት። ስለዚያ ሰሞን አንድም ቀን አላነሣንም፣ የምናነሣውም አይመስለኝም።

ከዚያ ሁሉ ማታ ምን ቀረሽ ብባል ተረት እላለሁ ብዬ አስብ ነበር። ተረቶቹ ግን ተደባልቀውብኛል፤ የአንዷን ልጅ ጭራቅ ለሌላዋ እሰጣለሁ። የቀረኝ የሰርጉ ቀን ነው። ሐናንን ቀይ አልብሰው፣ ፊቷን በሐር ሸፍነው ሲያወጧት የጀሪፍ ሴቶች እልል አሉ፤ የእነሱ እልልታ ቀጭንና ስለታም ነው። ከመሀላቸው አንድ ሌላ እልልታ ተነሣ፤ ከደረት የሚወጣ፣ የሚንከባለል፣ የአገር ቤት እልልታ። ሰው ሁሉ ዞረ። እናቴ ነበረች። ከራሷ ሰርግ በጓሮ የወጣችው ሴት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ፣ ከሁሉም በላይ እልል ትል ነበር፤ ትንፋሽ ሲያጥራት ቆም ትልና እንደገና ትጀምራለች። ከዚያ ዓይኗ በሰው መካከል ፈልጎ አገኘኝ። ምን እንደፈለገች አውቄያለሁ፤ ሴቶች ሁሉ እልል ሲሉ ዝም የምትል ልጅ ታስወራለች። አፌን ከፈትኩና እልል አልኩ። ጥሩ አድርጌ ሳልለው አልቀረሁም፤ አባቴ ከወንዶቹ መካከል ዞር ብሎ አየኝና ደስ ብሎት ሳቀ።